አንድም ቀን አልሠራችም

ተቡክ፣ ረቢዕ አሳኒ 9 ቀን 1434

ለታላቅ ወንድሜ ለማዕቱቅ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ከረማችሁ? ባለቤትህ ኡም ሃሽም ደህና ናት ወይ? የሱቁ ባለሙያ የሙዓሊም ኢቅራር ሳልስ ተሻላቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስለ ጉልበቴ ጠይቀኸኝ ነበር፤ የተቡክ ብርድ ሲገባ ይነሳብኛል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይተወኛል። የላክኸው ቀይ ሩዝ ደርሷል። ባለቤቴ ሰጣም «የእናንተ አገር ሩዝ ሆድ ያስራል» እያለ ሁለት ሁለት ሳሕን ይበላል።

ልደውልልህ አስቤ ነበር። ግን አንተ ከመዶሻው የተረፈ ጆሮ የለህም፤ ስልኩን ይዛ የምታስተላልፍልህ ልጅህ ናት፤ ይህ ደግሞ በልጅ አፍ የሚተላለፍ ነገር አይደለም። ስለዚህ እንደ ድሯችን በወረቀት መጣሁ።

መጀመሪያ እልል በልልኝ፤ ስሜ ወጣ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ፎርም ስሞላ፣ ሰዉ «አንቺ አሁንም ትጠብቂያለሽ?» እያለ ሲስቅብኝ፣ በመጨረሻ የሴቶች ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ ተመደብኩ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል፤ ከአርባ በኋላ ከዝርዝሩ እንደሚሰርዙን ታውቃለህ። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል አልነበረኝም።

ወረቀቴን ይዤ ወደ ሥራ ፈላጊዎች ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየች።

«እህቴ፣ አንቺ እኮ ሥራ አለሽ» አለችኝ።

«ማን? እኔ?»

«ባድሪያ ቢንት ዓሊ አስሰፋር። ሁፉፍ። የግል ድርጅት። ዘጠኝ ወር ሆኖሻል።» ከዚያ ሳቋን አፍና ቀጠለች፤ «የሥራው ዓይነት፣ ድስት ቀቢ።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። ምን ላድርግ፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን በር ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ቦታው እስከ ሻዕባን ማብቂያ ይጠበቅልኛል ተብሏል። አንተ እዚያው ነህና አጣራልኝ። በእኛ አባት ስም የምትጠራ ሌላ ባድሪያ ሁፉፍ ውስጥ አለች ወይ? ልቤ የሚለኝን እኔ አልጽፈውም። አንተ ጻፍልኝ።

እህትህ ባድሪያ


ሁፉፍ፣ ረቢዕ አሳኒ 27 ቀን 1434

ለእህቴ ለባድሪያ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል። ሁላችንም ደህና ነን። የልጄ የሃሽም ሚስት ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ስሙን ዓሊ ብለነዋል። የኢቅራር ሳል ያው ነው። ሐኪሙ «ጭስ ተው» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ «በቆርቆሮ ባልተቀባ የመዳብ ድስት የተሠራ ሩዝ ላብላህና ማን ቀድሞ እንደሚታመም እንይ» ይለዋል። የአባታችንን የቴምር ዛፎች ሰሞኑን አዳቅለናቸዋል። ዘንድሮ ፍሬው ጥሩ ይመስላል፤ የሰሜኑ ጥግ ያለችው ዛፍ ብቻ ደከም ብላለች።

ሁለት ገጽ ስለ ቴምር ልጽፍልሽ ነበር። ኡም ሃሽም አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ሰውዬ፣ ጥያቄዋን መልስላት» አለችኝ። ሌላ ባድሪያ የለችም። አንቺው ነሽ። ያስመዘገብኩሽ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቆች ሁሉ በቀለም እንደተከፈሉ ሰምተሻል። የአገር ልጅ የቀጠረ አረንጓዴ ነው፤ የውጭ ሠራተኛውን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ያድሳል። ያልቀጠረ ቀይ ነው፤ አያድስም። መጀመሪያ ትልልቆቹን ነው የያዙት፤ ኋላ እንደኛ የድስት ሱቅ ሦስት ሰው፣ አራት ሰው ላለውም «አንድ የአገር ልጅ ግድ ነው» ተባለ። እኔ ሳልሰጋ ወደ ሥራ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ።

«ይኸው እኔ አለሁ አይደል?» አልኩት መስኮቱ ላይ ያለውን ልጅ።

«አጎቴ፣ አንተ ከውሃ መሥሪያ ቤት ጡረታ ትቀበላለህ። ጡረተኛ አይቆጠርም።»

«መዶሻውን የምይዘው እኮ እኔ ነኝ» ብዬ መዳፌን ዘረጋሁለት።

«መዳፍ የሚቆጥር ማሽን የለንም» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንዲያውም ሻይ ጋብዞኛል።

እንግዲህ የኢቅራር ኢቃማ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። አባታችን ሊሞት ሲል ምን እንዳለኝ አንቺም አጠገቡ ነበርሽ፤ «ኢቅራር ራሱ ልሂድ እስኪል ድረስ ከዚህ ሱቅ ማንም አያስወጣው» ነው ያለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከኛ ጋር ኖሯል። የአባታችንን ቃሬዛ ከኔ ጋር የተሸከመ ሰው ነው። ለአትክልት ቦታው የሰጠሽኝ ውክልና ሣጥኑ ውስጥ ነበረ፤ የመታወቂያሽ ቅጂም አብሮት ነበረ። ስም ጨርቅ አይደል፣ ቢለበስ አያልቅም አልኩ። «የሥራ ዓይነት» የሚለው ላይ ኢቅራር የሚሠራውን ጻፍኩ፤ ሌላ ምን እንደሚጻፍ አላወቅሁም። አንቺ ሥራ መጠበቅሽን የተውሽ መስሎኝ ነበር። ይህን ማሰቤ ራሱ ጥፋት ነው።

አውፍ በይኝ እህቴ። ነገ ሄጄ «በፈቃዷ ሥራ ለቃለች» ብዬ አሰርዝሻለሁ። ያንቺ ነገር በአንድ ቀን ያልቃል። ለኢቅራር ሌላ መላ እፈልጋለሁ፤ ኢቃማው አሁን የሚያበቃው በሻዕባን መጨረሻ ነው፣ ጊዜ አለን። እሱ ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለም።

ወንድምሽ ማዕቱቅ


ተቡክ፣ ጁማደል ኡላ 20 ቀን 1434

ማዕቱቅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ለሕፃኑ ዓሊ እንኳን ደስ አላችሁ፤ አላህ ያሳድገው።

ያደረግኸው ሁሉ ነገሩን አባሰው። ያቺ የመስኮቷ ልጅ ዛሬ አልሳቀችም፤ አዘነችልኝ። «በፈቃዷ ሥራ የለቀቀች» የተባለ ሰው ከዝርዝሩ ግርጌ ይወርዳል፣ ሁለት ዓመት ደግሞ አይታይም አለችኝ። ሁለት ዓመት! እኔ ከዚያ በፊት አርባዬን እደፍናለሁ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል የሚባለው ይኸው ነው።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?» አልኳት።

«አሠሪሽ በማኅተሙ አንድ ወረቀት ይጻፍልሽ። ሱቄ ውስጥ አንድም ቀን አልሠራችም፣ ስሟን ብቻ ነው ያስመዘገብኩት ይበል። ያን ጊዜ መዝገቡ ከነጭራሹ ይፋቃል፣ እንዳልነበረ ይሆናል።»

«አሠሪዬ ወንድሜ ነው።»

«እንግዲያማ ቀላል ነው» አለችኝ። ምስኪን፣ ወንድም የላት ይሆናል።

ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላሉ። የኔ ግን ከመቃብር በፊት ሌላ ሰው ጋ ሥራ ገባ፤ እኔ እዚህ ደጅ ስጠና እሱ እዚያ ድስት ይቀባል። ይህን እያሰብኩ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ ይመጣብኛል። ምን እንዳቃጠለኝ ልንገርህ? ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር። ለሙዓሊም ኢቅራር ብለህ ብትጽፍልኝ ያን ጊዜ እሺ እልህ ነበር። አንተ ግን ሣጥን ከፈትክ።

ያን ወረቀት ጻፍልኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።

ባድሪያ


ሁፉፍ፣ ረጀብ 15 ቀን 1434

ለእህቴ ለባድሪያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ታምሜ አይደለም፤ ደብዳቤ የሚያደርሰው አውቶቡስም አልጠፋም። የምጽፈው ስላጣሁ ነው ዝም ያልኩት።

ያን ወረቀት ብሰጥ ምን እንደሚሆን ጠይቄ ነበር። «ሐሰተኛ ምዝገባ» ይባላል። ሱቁ ይታሸጋል፣ የውጭ ሠራተኛ የመያዝ መብቴም ይነሳል። ሱቁ ውስጥ አብረውን የሚሠሩት ሁለቱ ልጆች፣ ባንግላዴሾቹ፣ ሌላ ሱቅ ያገኛሉ፤ ጠይቄላቸዋለሁ። ኢቅራር ግን ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በየሱቁ ዞሬ «ውሰዱልኝ» ብያለሁ። ሁሉም ያከብረዋል፣ ሁሉም ድስቱን ለሱ ይልካል፣ በዚህ ዕድሜው ግን በስሙ ኢቃማ የሚያወጣለት አንድም አልተገኘም። ሻዕባን ሲያልቅ አገሩ ሙራዳባድ ይሄዳል ማለት ነው። ሚስቱ ሞታለች። ልጆቹ የሚያውቁት በፎቶግራፍ ነው።

እውነተኛ የአገር ልጅ ለመቅጠርም ሞክሬአለሁ፤ አልሞከርክም እንዳትዪኝ። የጎረቤታችን የሰልማን አማች አባስ የውሃ ቦቴ ይነዳ ነበር፣ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አርባ ዓመት የሞላው ጎልማሳ ነው። እሑድ በነጭ ልብሱ መጣ። ከሠርግ የመጣ ትልቅ ድስት ነበረን፤ ኢቅራር አሸዋ ነዛበትና ባዶ እግሩን ውስጡ ገብቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወገቡን እያዞረ መፈግፈግ ጀመረ። አባስ አይቶ፣ «አቡ ሃሽም፣ እኔንም እዚህ ውስጥ ልታስጨፍረኝ ነው?» አለኝ። ሰኞ ግን ገባ፤ እውነቱን ለመናገር ሞክሯል። ማክሰኞ ቆርቆሮውን አቅልጠን መዳቡን እንዲይዝ ነሻድር የሚባለውን ዱቄት ስንነሰንስ ያ ነጭ ጭስ ተነሳና ጉሮሮውን ያዘው። ረቡዕ መጥቶ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሐሙስ ቀረ። ሰልማን አሁን ሰላም አይለኝም።

አሁን ልለምንሽ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ታናሽ እህቴን መለመን ይከብደኛል፤ ግን እለምናለሁ። ሥራው ላንቺ ደመወዝ ነው፤ ባልሽ አለ፣ ቤትሽ አለ። ለሱ ግን አገር ነው። ተይልኝ። ስምሽን እንደነበረ መልሼ ላስመዝግበውና ኢቃማውን ላድስለት። አላህ ሌላ በር ይከፍትልሻል።

ወንድምሽ ማዕቱቅ


ተቡክ፣ ሻዕባን 1 ቀን 1434

ለወንድሜ ለማዕቱቅ፣

ሰላም ላንተና ለቤትህ ሁሉ። ደብዳቤህን ሰጣም ፊት አነበብኩት። ተነሥቶ መኪናውን ሊያስነሳ ነበር። «እኔ እከሳለሁ፤ ወረቀቱን በግድ ይሰጣል» አለ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። ወንድሜን አልከስም። ይህን እወቅልኝ፣ ከዚያ የቀረውን አንብብ።

ደመወዝ ነው ብለሃል። ቤታችን እንጀራ አልጎደለም፤ ልክ ነህ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ግን ሰጣም ደመወዝ ስለሌለው አልነበረም። ያ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቱ እስከዛሬ በካርቶን ታስረው የተቀመጡበት ክፍል ነው፤ ቁልፉን የሚይዝ ሰው አጥተው። እኔ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቁልፍ ስጠብቅ ነበር። በሕይወቴ ሰው ሳይለምንልኝ፣ አባትም ባልም ወንድምም ሳይፈርምልኝ በስሜ የመጣ ነገር ይኸ ብቻ ነው። ያንተ ሱቅ ደግሞ በዚያው ስም ላይ ቆሟል።

ይህን የአገር ልጅ ኮታ ስትረግም በየደብዳቤህ አነባለሁ። አንዳንዱ ርግማንህ ልክ ነው፤ መዶሻ የያዘውን ሰው ትቶ መዶሻ ያላየችውን የሚቆጥር ሕግ የሚያስቅ ነው። ግን «ለአገር ልጅ ቦታ ይሰጥ» የተባለው ለማን ይመስልሃል? ለኔ ብጤ ነው፣ ለአባስ ብጤ ነው። ለኔ የተባለውን ቦታ በኔው ስም ሞላህና እኔን ከውጭ ዘጋህብኝ። አባስንስ በአራት ቀን ምን አስተማርከው? አንተ ራስህ «ኢቅራር ሦስት ዓመት አመድ ብቻ አስጠረገኝ» ትል አልነበር? በአራት ቀን የሰው እጅ አይፈታም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከሠፈራችን ልጆች አንዱን አስገብታችሁ ብታስተምሩ ኖሮ ዛሬ ያንተ አረንጓዴ ወረቀት በእግሩ እየሄደ ይመጣልህ ነበር። አባታችንም ጥፋተኛ ነው፤ ሞቷል ብዬ አልዘለውም።

ስለ ሙዓሊም ኢቅራር ግን አለቅሳለሁ። ውሸት አይደለም። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር አላገኘሁም፤ እሳቸው ምን አሉ? አሁንም አያውቁም ማለት ነው? አንተ ስለሳቸው ትለምናለህ፣ እኔ ስለሳቸው አለቅሳለሁ፣ እሳቸው እዚያ ድስት ይፈገፍጋሉ። በኔ ላይ ያደረግኸውን በሳቸውም ላይ እያደረግህ ነው።

ንገራቸው። ከዚያ በኋላ የምትወስነውን ወስን፣ እኔ አንዲት ቃል አልጨምርም። እስከ ሻዕባን 25 እጠብቃለሁ። ወረቀቱ ካልመጣ ቦታውን ለሌላ እንዲሰጡ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

እህትህ ባድሪያ


ሁፉፍ፣ ሻዕባን 22 ቀን 1434

ለእህቴ ለባድሪያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ይህን ደብዳቤ በአውቶቡስ አልላክሁትም፤ የሃሽም ጓደኛ ተቡክ ስለሚበር በእጁ ሰድጄዋለሁ፣ እንዲደርስልሽ። አብሮት ያለው ባለ ማኅተም ወረቀት የጠየቅሽው ነው። አንዱን ቅጂ እዚህ ጽሕፈት ቤቱ አስገብቻለሁ። ከወረቀቱ በፊት ግን ይህን አንብቢ፤ ካላነበብሽ ምን እንደፈረምኩ አታውቂም።

ማክሰኞ ከዙህር ሰላት በኋላ ለኢቅራር ነገርኩት። ሁሉንም፤ ስምሽን እንዳስመዘገብኩ፣ አንቺ የደረሰብሽን፣ ወረቀቱን፣ አባስን፣ ሻዕባንን። ቆርቆሮ የሚቀባበትን ጥጥ አስቀምጦ ሰማኝ። መጀመሪያ በቀስታ አንድ ነገር አለ፤ አልሰማሁትም። «ጮክ በል» አልኩት። ያን ጊዜ ጆሮዬ ሥር መጥቶ ጮኸ። የኔን ነገር ታውቂያለሽ፤ ለኔ እንዲሰማ የጮኸ ሰው ለገበያው ሁሉ ይሰማል። ናስ ቀጥቃጩ ሁሉ መዶሻውን አቆመ።

«አንተና እህትህ ተቀምጣችሁ እኔን ትካፈላላችሁ? የአባታችሁ ርስት ነኝ እኔ? ስንት ቴምር አለኝ ቁጠሩኝ እስቲ!»

«ሙዓሊም፣ ላንተ ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለህ! አሥራ ሦስት ወር ለኔ ብለህ ስትዋሽ አንድ ቀን ከኔ ጋር አልመከርክም! ያቺን ልጅ ደጅ አስቀምጬ እንደምበላ ባውቅ ያ ሩዝ ይወርድልኝ ነበር?»

እሱ ተቀመጠና ሳለ፣ ብዙ ሳለ። ከዚያ «ምን ብለህ ነው የምትጽፈው? አንብብልኝ» አለኝ። ያረቀቅሁት ኪሴ ውስጥ ነበር። አወጣሁና አነበብኩለት፤ «ባድሪያ ቢንት ዓሊ አስሰፋር በሱቄ ውስጥ አንድም ቀን አልሠራችም።»

«ውሸት ነው» አለ።

«እንዴት ውሸት ነው? እውነቱን ይኸው እየጻፍኩ አይደል እንዴ!»

«ሠርታለች» አለ። «አንተ ያን ጊዜ ውሃ መሥሪያ ቤት ነበርክ፤ የምትመጣው ማታ ማታ ነው። እኔ ነኝ የማውቅ። እንደመጣሁ አባትህ የወቅፍ ድስቶቹን ሰጠኝ፤ ለሠርግና ለሐዘን ሰዉ እየተዋሰ የሚያበስልባቸውን፣ የሰጪው ወይም የሟቹ ስም የሚቀረጽባቸውን። የናንተን ፊደል እኔ በአገሬ እጅ ስጽፈው ይጣመምብኛል። የአንዱን ሟች ስም አበላሽቼ ልጆቹ ድስቱን መለሱብኝ። ያቺ የስምንት ዓመት ልጅ ከኋላዬ ቆማ ስቃ፣ ጠመኔ አንሥታ መዳቡ ላይ ጻፈችልኝ። እኔ በመሮ ተከተልኳት። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ እሷ ጻፈች፣ እኔ ቀረጽኩ። አባትህ ‹አድገሻል፣ ገበያ ይብቃሽ› እስኪላት ድረስ። የዚህ ሠፈር ግማሽ ድስት ላይ ያለው ፊደል የሷ ነው። አንድም ቀን አልሠራችም? እኔን ነው እንዲህ የምትለኝ?»

ወላሂ ባድሪያ፣ ይህን አላውቅም ነበር። አባታችን «ልጅቱ ሱቅ መጥታ ትጫወታለች» ሲል ነው የምሰማው። ከዚያ ሱቅ የወጣውን ድስት ሁሉ አይቼዋለሁ፤ ፊደሉ የማን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«እንግዲያ ልተወው?» አልኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዱን እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ወይ «ተው» እንዲለኝ፣ ወይ «ልሂድ» እንዲለኝ። የአባታችን ቃል አንገቴ ላይ ነበርና፣ «ልሂድ» ቢለኝ ቃሉ ይወርድልኛል። ገብቶታል፤ እንደሱ የሚያውቀኝ የለም።

«ልሂድ አልልህም» አለኝ። «አባትህ የሰጠኝን ቃል እኔ አልለቅልህም። ጻፈው። ለሷ የሚገባ ነው፣ ጻፈው። ግን አንተ ነህ የምታስወጣኝ። እያወቅክ አስወጣኝ።»

ረቡዕ ጠዋት ማኅተሙን አድርጌ ወሰድኩት። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ አነበበና አንድ ነገር አለኝ፤ አልሰማሁም። ጮክ ብሎ ደገመው። ስላልሰማሁ ሦስተኛ ጊዜ ቆሞ ጮኸ፤ «አጎቴ፣ ይህን ከተቀበልኩህ ሱቅህ ይታሸጋል!»

«አሁን ሰማሁ» አልኩትና ሰጠሁት።

እንግዲህ እህቴ፣ አምና ሠራች ብዬ ዋሸሁ፤ አሁን ደግሞ አልሠራችም ብዬ ዋሸሁ። ሥራሽ ግን እውነተኛ ነው፤ ሂጂና ተረከቢው። አላህ ይባርክልሽ።

ማዕቱቅ


ተቡክ፣ ሸዋል 26 ቀን 1434

ለታላቅ ወንድሜ ለማዕቱቅ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። እንኳን ለዒዱ በሰላም አደረሳችሁ፤ ዘግይቼ ነው፣ አውፍ በለኝ። የረመዳን ደብዳቤህም፣ ከዚያ ወዲህ የጻፍከውም ደርሶኛል። ሙዓሊምን ሸኝተህ ከአየር ማረፊያ ስትመለስ ስለጻፍከው ነገር ምን እንደምልህ አላውቅም። ሙዓሊም ኢቅራር እጅህን እንዳልጨበጡህ፣ ግንባርህን ግን እንደሳሙህ ጽፈሃል። ሁለቱም ይገባሃል። አሥር ጊዜ አነበብኩት፣ አሥር ጊዜ አለቀስኩ። ሰጣም እንኳ፣ ያ ሊከስህ የነበረ ሰው፣ «ምን ዓይነት ሰው ናቸው» አለ።

አባስን ስለማስተማር ያሰብከው ጥሩ ነው። እገዳው ሲነሳ ሱቁ ይከፈታል፤ እስከዚያው በግቢህ ውስጥ አመድ ይጥረግልህ። ጉሮሮውን በጨርቅ ያስር። እንዳትቸኩልበት።

«ደስ አለሽ ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ደስ ብሎኛል። ላንተ ስል አልደብቅም፣ ለሳቸው ስልም አልደብቅም። ቁልፉን ሰጡኝ። ሃያ ሰባት ካርቶን ነው፤ ስከፍተው አቧራው ሳምንት ሙሉ አስነጠሰኝ። ትናንት አንዲት ቀጭን ልጅ መጥታ «መጽሐፍ ትሰጫለሽ ወይስ ታሳያለሽ ብቻ?» አለችኝ። «እሰጣለሁ» ስላት አላመነችኝም፤ ይዛ ስትወጣ ዞር ዞር እያለች ታየኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ። ሥራ በጀመርኩ ቀን ፎርም አስሞሉኝ። ስም፣ ትምህርት፣ የልጆች ብዛት። ከታች «ከዚህ ቀደም የሠሩበት ቦታና የሥራው ዓይነት» የሚል መስመር አለው። ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። ርዕሰ መምህሯ የቸገረኝ መስሏት፣ «ምንም ካልሠራሽ ‹የለም› ብለሽ ጻፊ፣ ችግር የለውም» አለችኝ።

በዚያች ደቂቃ ጣቶቼ ላይ ጠመኔው ታወቀኝ። ሐሙስ ከሰዓት፣ የመዳቡ ሙቀት፣ ሙዓሊም ኢቅራር መሮውን ይዘው እኔ ጨርሼ እስክነሳ ሲጠብቁኝ። አንድ ፊደል ሳበላሽ በክንዳቸው አጥፍተው «እንደገና» ይሉኝ ነበር፤ አንድ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ሥራዬን ቆሞ የጠበቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያን እዚያ መስመር ላይ ብጽፈው ያንተ ወረቀት ውሸት ይሆናል፣ ቁልፉም ከእጄ ይሄዳል።

«የለም» ብዬ ጻፍኩ። አንተ እያወቅህ እንደጻፍከው እኔም እያወቅሁ ጻፍኩት፣ ፈረምኩበትም። ማዕቱቅ፣ አፈርኩ። እሳቸው ገበያ መሐል ጮኸው የመሰከሩልኝን እኔ በቀለም ካድኩ።

የሙራዳባዱን አድራሻቸውን ላክልኝ። ይህን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገራቸው።

እህትህ ባድሪያ